ባንድ ሰው የቆመ ባንድ

አማርኛ ቀልደኛ ቋንቋ ነው። «ባንድ» የምትለዋን ቃል አንድ ፊደል ሳይቀይር ሁለት ሥራ ያሠራታል። በአንድ በኩል የሙዚቃ ጓድ ናት፤ በሌላ በኩል «በአንድ» ማለት ናት። ባንድ ላይ፣ ባንድ አፍ፣ ባንድ ራስ ሁለት ምላስ እንላለን። ሁለቱ ቃላት የሚገናኙት በድምፅ ብቻ ነው ብዬ ስኖር፣ ከጥቂት ዓመታት በፊት በጥር ወር ሞላሌ ለሠርግ ተጠርቼ ሄድኩ። ለካ እኔ ሳልሰማ እነሱም ተጋብተዋል።

የጠራኝ የአጎቴ ልጅ ነው። በስልክ ስለ ሙሽራዋ አልነገረኝም፤ ስለ ሰንጋውም አልነገረኝም። «እንዳትቀር! ዘንድሮ ባንድ አለ» ነው ያለኝ።

«ባንድ?» አልኩት።

«አዎ ባንድ! ከአዲስ አበባ የሚመጣ» አለ፤ ድምፁ እንደ ተሾመ ሰው ነበር።

ሞላሌ የመንዝ ማማ ምድር ከተማ ናት። በጥር ሌሊት በጀሪካን ያደረ ውሃ ጠዋት እንደ መስተዋት ተሰንጥቆ ይገኛል። ሰው በርኖሱን የሚያወልቀው ወይ ሲተኛ ነው ወይ ሲጣላ፤ ሲተኛም ባና ይደርብበታል። በዚህ ብርድ ውስጥ ባንድ ሊመጣ ነው ሲባል ያልጓጓ አልነበረም። እኔም በልጅነቴ በጥቁርና ነጭ ቴሌቪዥን ያየኋቸውን የነሐስ መሣሪያ ተሸካሚዎች፣ ባለ ክራቫቶቹን፣ ከፊታቸው ዘንግ የሚያወናጭፈውን መሪ እያሰብኩ ደረስኩ።

ከቀትር በኋላ አንድ አይሱዙ ዳሱ ፊት ቆመ። መጀመሪያ ሁለት ቁም ሳጥን የሚያካክሉ ሞንታርቦዎች ወረዱ። ቀጥሎ ጄኔሬተር ወረደ። ከዚያ ጥቁር መነጽር ያደረገ ወጣት ወረደ፤ ከኋላው አንድ ልጅ በባና የተጠቀለለ ረዥም ነገር እንደ ታመመ ሰው አቅፎ ተከተለው። ሕዝቡ የአይሱዙውን ኋላ እያየ ቆየ። ሌላ የወረደ የለም። ሹፌሩ ጣውላውን ዘግቶ ኮቾሮውን ሊበላ ሄደ።

የአጎቴ ልጅ ግራ ተጋብቶ ወጣቱን ጠጋ አለው። «ሌሎቹስ?»

«የትኞቹ?»

«ሌሎቹ ሙዚቀኞች ነዋ! ከበሮ የሚመታው፣ ጊታር የሚጫወተው፣ ሳክስፎን የሚነፋው...»

ወጣቱ ባናውን ገለጥ አድርጎ ኦርጋኑን በመዳፉ መታ መታ አደረገው። «ሁሉም እዚህ ውስጥ ናቸው» አለ።

የሙሽራው እናት ባንዱን ለማብላት የስምንት ሰው ማዕድ ለይተው አስቀምጠው ነበር። ነገሩን ሲሰሙ መጀመሪያ ደነገጡ፤ ቀጥሎ አሰቡበትና «እሰይ! ሰባቱ የማይበሉ ናቸው» ብለው ድስቱን ወደ ጓዳ መለሱት።

እውነት ለመናገር እንደዚህ ያለ ባንድ የመሪ ሁሉ ሕልም ነው። ከበሮ መቺው አይሰክርም። ጊታሪስቱ ከሙሽራዋ እህት ጋር አይጠፋም። ሳክስፎን ነፊው «ደሞዝ ጨምርልኝ» አይልም። ወጣቱ ራሱን «ባንድ መሪ» ብሎ በማይክ ሲያስተዋውቅ ያልሳቅሁት ለዚህ ነው። የሚመራቸውን ግን በዓይኔ ፈለግኋቸው፤ በቀይና በአረንጓዴ መብራት የሚጠቅሱ አዝራሮች ነበሩ።

በዳሱ ደጃፍ፣ ብርዱ በሚገባበት በኩል፣ አንድ አዝማሪ ማሲንቆውን ጉልበቱ ላይ አስተኝቶ ተቀምጧል። ማለዳ ሙሽራውን ያጀበ እሱ ነው። ባንዱ ከመጣ በኋላ ግን «ትንሽ ቆይ» ተብሏል፤ በአገራችን «ትንሽ» የሚባለው ጊዜ መጨረሻው የት እንደሆነ የሚያውቅ ያውቀዋል። ድንገት ከሞንታርቦው የማሲንቆ ድምፅ ወጣ። ወጣቱ አንዷን አዝራር ተጭኖ ነው። አዝማሪው ደንገጥ ብሎ የራሱን ማሲንቆ አየ፤ ጭራዋም ቆዳዋም በቦታቸው አሉ። አምልጣው እንዳልሄደች ለማረጋገጥ ይመስል ጠበቅ አድርጎ ያዛት።

የእኔ ትዝብት ግን የሚጀምረው ከዚህ በኋላ ነው።

ጠላው ሁለት ሦስቴ ከዞረ በኋላ አንድ አዛውንት ከመሐል ብድግ አሉ። በርኖሳቸውን ወደ ኋላ ጣል፣ ዱላቸውን ከፍ አደረጉ። መንዝ ውስጥ ሽማግሌ በሠርግ ላይ በርኖሱን ወደ ኋላ ከጣለ ነገር አለ ማለት ነው። መጀመሪያ በረዥሙ ቀረርቶ አሰሙ፤ ድምፃቸው ከሆድ ተነሥቶ በጉሮሮ እየተንቀጠቀጠ ዳሱን ሞላው። ቀጥለው ወደ ፉከራው ሊገቡ ትንፋሻቸውን ሰበሰቡ። ያቺ ዝምታ የፉከራው ግማሽ ናት። ፎካሪ ዝም የሚለው ቃል ጠፍቶት አይደለም፤ የሰሚው ፀጉር እስኪቆም እየጠበቀ ነው።

ወጣቱ ዝምታዋን ክፍተት መሰለችው። አዝራሩን ተጫነ። ዱም ታካ፣ ዱም ታካ የሚል ምት ፈሰሰ። በላዩ ላይ «ሳክስ» የምትለዋን ነካና የሽለላ ዜማ ለቀቀበት። አዛውንቱ «ዘራፍ!» ሲሉ ምቱ ቀደማቸው። ደግመው ሲሞክሩ እሱ ዘገየባቸው። ሦስተኛ ሲሞክሩ ወጣቱ በማይክ፣ በትሕትና፣ ለሠርገኛው ሁሉ በሚሰማ ድምፅ «አባባ፣ ቢቱን ይጠብቁ! አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት፣ አራት ብለው ይግቡ» አላቸው።

አዛውንቱም ቆጠሩ! በዱላቸው መሬቱን እየነኩ፣ ከንፈራቸውን እያንቀሳቀሱ፣ አንድ... ሁለት... ሦስት... አራት። በዕድሜያቸው ሙሉ ፉከራ ሲፎክሩ ቁጥር ገብቶበት አያውቅም፤ ቁጥር የሚያውቁት በግና ማዳበሪያ ሲቆጥሩ ነው።

ይህ ትንሽ ነገር ሊመስል ይችላል። ነገር ግን በዚያ አዝራር ውስጥ የተቀመጠው የሳክስፎን ሽለላ ከየት እንደመጣ ብታውቁ እንደኔ ጠላችሁን ታስቀምጡ ነበር።

«ባንድ መሪ» የሚባለው ማዕረግ አገራችን የገባው በቤተ መንግሥት በር ነው። ከአድዋ ድል በኋላ የሩሲያው ንጉሥ ዳግማዊ ኒኮላስ ለአፄ ምኒልክ 40 የነሐስ መሣሪያዎች ላኩ። በ1916 ዓ.ም. ደግሞ ራስ ተፈሪ ኢየሩሳሌም ላይ 40 ወላጅ አልባ የአርመን ልጆች መለከት ሲነፉ ሰምተው ወደ አዲስ አበባ አስመጧቸው፤ አርባ ልጆች የምንላቸው እነዚህ ናቸው። መሪያቸው ሙሴ ኬቮርክ ናልባንዲያን ነበሩ። የመጀመሪያው ብሔራዊ መዝሙራችን ዜማው የእሳቸው፣ ግጥሙ የዮፍታሔ ንጉሤ ነው። ኋላም የወንድማቸው ልጅ ነርሲስ ናልባንዲያን መጡና የማዘጋጃ ቤቱንም የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ቲያትሩንም ሙዚቀኞች አሠለጠኑ።

ስለዚህ በዚያ ዘመን ባንድ ማለት መሥሪያ ቤት ነው። የክቡር ዘበኛ ባንድ፣ የጦር ሠራዊት ባንድ፣ የፖሊስ ባንድ፣ የማዘጋጃ ቤት ባንድ ይባላል። ሙዚቀኛው ደንብ ልብስ አለው፣ ወር ጠብቆ ደሞዝ ይፈርማል፣ ሲያጠፋ ይቀጣል። በታኅሣሥ 1953 ዓ.ም. ክቡር ዘበኛ ያደረገው መፈንቅለ መንግሥት ሲከሽፍ ጥላሁን ገሠሠን ጨምሮ የባንዱ ሰዎች ታስረዋል። ዘፋኝ እንደ ወታደር ሲታሰር ያየ አገር ዘፈን ቀላል ነገር ነው ብሎ ሊቀልድ አይገባም ነበር።

ከነዚህ ባለ ደንብ ልብሶች መካከል አንድ የይፋት ሰው አለ። ጌታቸው መኩሪያ ይባላል። የተወለደው በመጋቢት 1927 ዓ.ም. ነው። በልጅነቱ ክራርና ማሲንቆ ነካካ፤ ከዚያ ክላርኔትና ሳክስፎን ያዘ። ገና አሥራዎቹን ሳይጨርስ፣ በ1940ዎቹ መጀመሪያ፣ የአዲስ አበባ ማዘጋጃ ቤት ባንድ ገባ። የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ቲያትር በ1948 ዓ.ም. ሲከፈት ወደዚያ ተሻገረ። በ1950ዎቹ መጨረሻ ደግሞ የፖሊስ ኦርኬስትራ ገባ። ታሪኩ እዚህ ላይ ቢያበቃ ኖሮ የደንብ ልብስ ቀያያሪ የመንግሥት ሠራተኛ ብለን በጡረታ እንሸኘው ነበር።

እሱ ግን አንድ ነገር አደረገ። ፎካሪው በአፉ የሚያደርገውን በሳክስፎን አደረገው። ሽለላ ዘፈን አይደለም፤ የሚጨፈርበት ምት የለውም፤ የሚለካው በትንፋሽ ነው። ፎካሪው ይጎተታል፣ ይቆማል፣ ድንገት ይወረወራል፣ ያጓራል። ጌታቸው ይህን ሁሉ፣ ማጓራቱን ሳይቀር፣ በሸንበቆ ምላስ በኩል ወደ ነሐሱ ነፋው። ኋላ የጃዝ አዋቂዎች ሲሰሙት አሜሪካ ውስጥ በ1950ዎቹ ማብቂያ ላይ (በእነሱ አቆጣጠር) ሕግ አፍራሽ የተባለውን ጃዝ ያስታውሳል አሉ። እሱ ግን ያንን ሰምቶ አልነበረም፤ የሰማው ሽማግሌዎችን ነው። በርኖሳቸውን ወደ ኋላ የሚጥሉትን፣ ዝም ብለው ፀጉር የሚያስቆሙትን ሽማግሌዎች።

እንግዲህ ክቡን አያችሁት? ሽማግሌው ሳክስፎኑን አስተማረ። ሳክስፎኑ ተቀድቶ ኦርጋን ውስጥ ገባ። አሁን ኦርጋኑ ተመልሶ መጥቶ ሽማግሌውን «አባባ፣ ተሳስተዋል» ይለዋል። የልጅ ልጅ አያቱን ስሙን እንዴት እንደሚጠራ ሲያርመው እንደማየት ነው።

ይህን ለአጠገቤ ሰዎች ማንሳቴ ሌላ ጣጣ አመጣ። የሙሽራዋ ዘመዶች ከቆላው፣ ከይፋት በኩል የመጡ ናቸው፤ የጌታቸውን ስም ሲሰሙ ባንድ አፍ «የኛ ነው!» አሉ። ከሙሽራው ወገን አንድ መምህር ብድግ አለና «ይፋትና መንዝ ምን ለየው? አንድ አገር አይደለም እንዴ?» አለ።

«ገደሉ ነዋ የለየው!» አሉት።

«ሽለላ ደግሞ የደጋ ነው። ከላይ ተጮኸ፣ ከታች ተሰማ። ጌታቸው የሰማው የኛን ማሚቶ ነው።»

«እናንተ የምትጮኹት በብርድ ነው፤ እኛ ነን የምንፎክር!»

ክርክሩ እንዲህ እየጋለ ሄደ። አባቱ ከየት፣ እናቱ ከየት፣ አያቱ ከመንዝ ጌራ ነው ወይስ ከመንዝ ላሎ የሚለው ሁሉ ተነሣ። በመሐል አንድ የማይገባ ጥያቄ ጠየቅሁ። «ለመሆኑ የጌታቸውን ሸክላ የሰማ አለ?»

ዝም አሉ። ሰውየው የማን እንደሆነ ሁሉም ያውቃል፤ ምን እንደነፋ የሚያውቅ ጠፋ። በእኛ አገር የአንድን ሰው ትውልድ መንደር ለማወቅ የምናወጣውን ጉልበት ሩቡን ሥራውን ለማወቅ ብናወጣው ኖሮ ቤተ መጻሕፍት ይጠበን ነበር።

አንድ ጎረምሳ ስልኩን አወጣ። ኔትወርኩ ተጎተተ፤ ክቧ ዞረች፣ ዞረች፤ በመጨረሻ ተገኘ። ነገር ግን ሞንታርቦው ዱም ታካውን አላቆመም። ጎረምሳው ስልኩን በየተራ በሰው ጆሮ ላይ ማስደገፍ ጀመረ። አንዱ ይሰማና ራሱን ነቅነቅ ያደርጋል፤ ለሚቀጥለው ይተላለፋል። እንደ ጠበል ነው። የኔ ተራ ሲደርስ ጆሮዬን አስጠጋሁ፤ የሰማሁት ዱም ታካውን ብቻ ነው። ራሴን ግን ነቀነቅሁ። ከኔ በፊት የነቀነቁትም ምን እንደሰሙ ያን ጊዜ ገባኝ።

እርግጥ የገጠርን ሙዚቃ ከነሐስ ባንድ ጋር ማጋባት የኛ ብቻ ታሪክ አይደለም። አሜሪካ ውስጥ ቴክሳስ በምትባል የከብትና የጥጥ አገር ቦብ ዊልስ የሚባል ሰው ነበር፤ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1905 ተወልዶ በ1975 የሞተ። አባቱም ዘመዶቹም የቫዮሊን ሰዎች ናቸው፤ በየገበሬው ቤት እየሄዱ የሚያስጨፍሩ፣ በኛ አነጋገር አዝማሪ ማለት ናቸው። እሱ ራሱ ጸጉር አስተካካይ ነበር። ፀጉር ያስተካክል የነበረባት ከተማ ስሟ፣ ብታምኑም ባታምኑም፣ ቱርክ ነው። ይህ ሰው የገጠሩን ቫዮሊን ከሳክስፎን፣ ከመለከትና ከከበሮ ጋር አንድ መድረክ ላይ አወጣው። ዌስተርን ስዊንግ የሚሉት የሙዚቃ ዓይነት በዚህ መንገድ ገነነ።

የቦብ ዊልስም ባንድ መጀመሪያ የራሱ አልነበረም። የኛዎቹ እንጀራቸው ከመንግሥት ነው፤ የእሱ ደግሞ ቃል በቃል ከዱቄት ነበር። አንድ የዱቄት ፋብሪካ በሬዲዮ ዱቄቱን የሚያስተዋውቅ ባንድ አቋቁሞ ቀጠረው። በ1933 (በዚያው በአውሮፓ አቆጣጠር) የፋብሪካው ሥራ አስኪያጅ አባረረው። ሥራ አስኪያጁ ኋላ የቴክሳስ ገዥ ሆነ። የተባረረው ጸጉር አስተካካይ ደግሞ የራሱን ባንድ አቋቁሞ በቱልሳ ከተማ ከ1934 ጀምሮ በሬዲዮ ነገሠ። ዛሬ ገዥውን የሚያስታውሰው የፖለቲካ መምህር ነው፤ ጸጉር አስተካካዩ ግን እስከ ዛሬ ያስጨፍራል።

ስለዚህ ሰው ከሰማሁት ሁሉ የምወደው አመሉን ነው። ባንዱ እየተጫወተ ሳለ ቦብ ዊልስ መሐል ገብቶ በቀጭን ድምፅ «አሃ!» ብሎ ይጮሃል። ዘፋኙን ያቋርጠዋል፣ ይቀልድበታል። ከዚያ የአንዱን ሙዚቀኛ ስም ጠርቶ ተራውን ይሰጠዋል። የተጠራውም ያለውን ሁሉ ያወጣል። ይህ ለእኛ እንግዳ ነገር አይደለም። «በለው!»፣ «እሰይ የኔ ጀግና!»፣ «ድገመው!» እያለ ፎካሪውን የሚያፋፍመው ሰው እኮ ያው ነው። መሪነት የገባኝ ከዚህ ነው። ባንድ መሪ ማለት ሌላውን ሰው በስሙ ጠርቶ «በል፣ ያንተ ተራ ነው» የሚል ሰው ነው። ኦርጋኑ ላይ 500 ድምፅ ቢኖር አንዱም ስም የለውም። ሲጠሩት ደንግጦ የተሻለ የሚጫወት አዝራር እስከ ዛሬ አልተፈጠረም።

ወደ ጌታቸው ልመለስ። በ1964 ዓ.ም. ግድም ፊሊፕስ የሚባለው ኩባንያ የሳክስፎን ሸክላውን አወጣለት። ከዚያ ዘመን ተገለበጠ፤ ሸክላው ወደ ሣጥን ገባ። በ1990ዎቹ አጋማሽ ፍራንሲስ ፋልሴቶ የሚባለው ፈረንሳዊ ኢትዮፒክስ በሚባለው ተከታታይ አሳተመው፤ 14ኛው ቅጽ የጌታቸው ነው። ይህን የሰሙ ዘ ኤክስ የሚባሉ የሆላንድ ሙዚቀኞች፣ ጩኸት የሚወዱ ሰዎች ናቸው፣ በ1997 ዓ.ም. 25ኛ ዓመታቸውን ሲያከብሩ ወደ አምስተርዳም ጠሩት። አብረውት «ሞዓ አንበሳ» የተባለ አልበም ሠሩ፤ በየአገሩም ዞሩ። ሰባ ዓመት የተጠጋው ሰው የአንበሳ ጎፈሩን ራሱ ላይ ደፍቶ፣ ካባውን ደርቦ፣ ከፈረንጅ ሙዚቀኞች መሐል ቆሞ ሸለለ።

ይህ ሁሉ ከሆነ በኋላ እኛ አገር ምን ሆነ? «ለካ ትልቅ ሰው ነው!» ተባለ። «በእጅ የያዙት ወርቅ እንደ መዳብ ይቆጠራል» የሚለው ተረታችን ለዚህ የተሠራ ይመስላል፤ ብቻ በጌታቸው ላይ ሲደርስ ትንሽ ይገለበጣል። ሳክስፎን የሚሠራው ከነሐስ ነው፤ የዚህ ነሐስ ደግሞ አብዛኛው መዳብ ነው። ያ ሰው በእጁ የያዘው መዳብ ነበር፤ በትንፋሹ ወርቅ አደረገው፤ እኛ ግን «መዳብ ነው» ብለን ትክክል ተናገርን።

ራሴን ነፃ ላወጣ አልፈልግም። እኔም ጌታቸውን መጀመሪያ የሰማሁት በዚያ በፈረንሳዩ ሲዲ ነው። ዋጋውን ከፍዬ፣ ከሽፋኑ ላይ የራሴን አገር ሰው ታሪክ በባዕድ ቋንቋ እያነበብሁ፣ «ይገርማል» እያልኩ። አያቴ በየሠርጉ ይሸልሉ ነበር። እሳቸውን ለመስማት ያስፈልግ የነበረው ቁጭ ማለት ብቻ ነው። እኔ ያን ጊዜ ከዳሱ ኋላ ኳስ እጫወት ነበር።

ማታ ሁለት ሰዓት ገደማ ጄኔሬተሩ ሁለት ሦስቴ አስነጠሰና ጸጥ አለ። ነዳጁ አልቋል። ሞንታርቦዎቹ ዝም፣ መብራቱ ድርግም። ለመጀመሪያ ጊዜ በዚያ ቀን ነፋሱ በዳሱ ሸራ ላይ ሲያልፍ ተሰማ።

እኔ የልብ ወለድ አንባቢ ስለሆንኩ የሚቀጥለውን የማውቅ መሰለኝ። አሁን አዛውንቱ ይነሣሉ፤ በጨለማ ውስጥ የጥንቱ ድምፅ ያስተጋባል፤ ወጣቱ ያፍራል፤ ሁላችንም እናለቅሳለን። ፋኖስ መጣ። አዛውንቱ እውነትም ተነሡ። በርኖሳቸውን ወደ ኋላ ጣሉ፤ ዱላቸውን ከፍ አደረጉ። ልቤ መታ።

አዛውንቱ ወደ ኦርጋኑ ዞረው «ቢቱ መቼ ነው የሚመጣ?» አሉ።

«አሁን ነው አባባ፤ ነዳጅ ሊያመጣ ልጁ ሄዷል፤ ትንሽ ይታገሡ» አላቸው ወጣቱ።

ታገሡ። ዱላቸውን ከፍ እንዳደረጉ ትንሽ ቆዩ፤ ክንዳቸው ሲደክም አውርደው ተደገፉበት። ሠርገኛውም አብሯቸው ታገሠ። ከሁለት መቶ የማያንስ ሰው፣ ከመሐሉ ቢያንስ አሥር ፎካሪ የማይጠፋ፣ በመንዝ ምድር፣ አንድ ጀሪካን ነዳጅ እስኪመጣ ድረስ ዝም ብሎ ተቀመጠ። ስልክ ያለው ስልኩን አበራ። አዝማሪው ማሲንቆውን አንድ ሁለቴ ገዝገዝ አደረጋት፤ አንዱ «ቆይ እንጂ ወንድሜ፣ ባንዱ ሊጀምር ነው» አለው።

ወጣቱን ልወቅሰው አልችልም። ጣቶቹ ያወጣሉ፤ ጨዋም ነው፤ ሌሊቱን ሙሉ በዚያ ብርድ እጁን በትንፋሹ እያሞቀ ሠርቷል። ደግሞስ ስምንት ሙዚቀኛ በአይሱዙ ጭኖ ሞላሌ የሚያደርስ የትኛው ደጋሽ ነው? የናልባንዲያኖችን ዘመን መልሱልኝ አልልም፤ ያኔም ባንድ የሚሰማው ባለሥልጣንና ከተሜ ነበር። ኦርጋን ባይመጣ ኖሮ ሞላሌ ሳክስፎን የሚባል ድምፅ በሠርግ ላይ ላትሰማ ትችል ነበር። ጥፋቱ ከማሽኑ አይደለም፤ ማሽኑ የሚያውቀው የተነገረውን ነው። አራት ቁጠር ተብሏል፣ አራት ይቆጥራል። ሰውየው ግን አራት እንዲቆጥር ማን ነገረው? እኛ ነን። ከአዲስ አበባ የመጣ ነገር ሁሉ ልክ ነው፣ ከጓሯችን የበቀለው ሁሉ ከምቱ የወጣ ነው ብለን ያመንን እኛ ነን። አዲስ አበባ ደግሞ በተራዋ ከአምስተርዳም ጭብጨባ ትጠብቃለች። እንዲህ እየተጠባበቅን ነው የምንኖረው፤ ሽማግሌው ቢቱን፣ ቢቱ ነዳጁን፣ ነዳጁ ልጁን።

ጌታቸው መኩሪያ በመጋቢት 26 ቀን 2008 ዓ.ም. አረፈ። ሽለላውን ከማን ጉሮሮ እንደቀዳው ስማቸውን የጻፈ የለም። በየዳሱ ስማቸው ሳይጠራ የሸለሉ፣ ሳይጠራም የሄዱ ሰዎች ናቸው።

ስለዚህ በዚህ ዓመት የምትድሩ ሆይ፤ ኦርጋኑን ተከራዩ፤ ሞንታርቦውንም ደርድሩ። አንዲት ነገር ብቻ እለምናችኋለሁ። ከውል ወረቀቱ ግርጌ ይህችን ጨምሩ፦ በሠርጉ መሐል ለሩብ ሰዓት ማሽኑ ይጠፋል። ያን ጊዜ ማይኩን የያዘው ሰው በዳሱ ያሉትን ሽማግሌ በስማቸው ይጥራ፣ በደጃፍ ያለውንም አዝማሪ በስሙ ይጥራ፣ «በሉ፣ የእናንተ ተራ ነው» ይበል። ማንም አይቁጠርባቸው። ነዳጁም ለሩብ ሰዓት ይተርፋችኋል።